በላቮን ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድና በድንኳን ለማደር፦ ከውኃው ከፍታ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ላቮን ሐይቅ ከዳላስ መሃል በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ማይል ያህል ርቆ፣ በዋይሊ፣ በፕሪንስተንና በፋርመርስቪል ከተሞች መካከል የተንጣለለ ሰፊ ውኃ ነው። በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በፕሌኖ ለሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚደረስበት፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ወገኖቻችን በብዛት ይመላለሱበታል። ይሁን እንጂ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቶ፣ በረዶውን ሞልቶና ልጆቹን ጭኖ የሄደ ሰው ወይ የፓርኩን በር ተዘግቶ፣ ወይ ባለፈው ወር ዓሣ ያወጣበትን ዳርቻ በውኃ ተውጦ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ የሚሆነው ላቮን ሐይቅ ተብሎ ቢጠራም የተሠራው ጎርፍ ለመያዝ በመሆኑ ነው። ዓሣው የሚገኝበት ቦታ፣ ድንኳን የሚተከልበት መሬት፣ የሚኬድበት ሳምንት፣ ሁሉም የሚወሰነው ውኃው በዚያ ቀን በቆመበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዘንግና መንጠቆ ከመምረጥ በፊት የውኃውን ከፍታ ከማንበብ ይጀምራል።

የውኃው ከፍታና ትርጉሙ

ግድቡን የሠራውና ዛሬም የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1948 ተጀምሮ፣ የትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ የሆነውን ኢስት ፎርክን ዘግቶ ውኃ መያዝ የጀመረው በ1953 ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ግድቡ ከፍ እንዲል ተደርጎ ሐይቁ የዛሬውን ስፋት ያዘ። በመደበኛ ከፍታው ከ21,000 ኤከር በላይ ይሸፍናል፤ ከጎርፍ መከላከያነቱ በተጨማሪ ለሰሜን ቴክሳስ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ይሰጣል።

ሊያዙ የሚገባቸው ቁጥሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው 492 ነው፤ ይህም ውኃው በመደበኛ ጊዜ የሚቆምበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ በጫማ የሚለካ ከፍታ ነው። ሁለተኛው 503.5 ሲሆን፣ ከ492 እስከዚህ ድረስ ያለው የ11.5 ጫማ ክፍተት ሆን ተብሎ ለጎርፍ ባዶ የተተወ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል የግድቡ ሠራተኞች በሮቹን ገታ አድርገው ውኃውን በዚያ ክፍተት ያጠራቅሙታል፤ በታች ያለው የሬይ ሃባርድ ሐይቅና የትሪኒቲ ወንዝ ከሞላባቸው ውኃ እፎይ ሲሉ ደግሞ የተጠራቀመውን ቀስ በቀስ ይለቁታል። ይህ መልቀቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚህም ምክንያት ዝናቡ ካቆመና ሰማዩ ከጠራ ከብዙ ቀናት በኋላ እንኳ ሐይቁ ሞልቶ ሊቆይ ይችላል፤ የእሑድን ፀሐይ አይቶ ብቻ መነሣት የማይበጀውም ለዚህ ነው። የካምፕ ቦታዎቹ፣ የጀልባ ማውረጃዎቹና የሽርሽር ጠረጴዛዎቹ የተሠሩት በሐይቁ ዳርቻ ስለሆነ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚገኙት ለጎርፍ በተተወው በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጸደይ ሰሜን ቴክሳስን ያጥለቀለቀው ዝናብ በአካባቢው ያሉትን የኮሩ ሐይቆች ከመደበኛ ከፍታቸው እጅግ አልፎ በሞላቸው ጊዜ ብዙ ፓርኮች በውኃ ተውጠው ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር።

የዕለቱን ከፍታ የኮሩ የፎርት ዎርዝ ዲስትሪክት እና የቴክሳስ የውኃ ልማት ቦርድ በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ሲመለከቱ የዛሬውን ቁጥር ብቻ አይዩ፤ የዛሬ ሳምንት የነበረውንም ያነጻጽሩ፤ ምክንያቱም ለዓሣ አጥማጅ ከቁጥሩ ይልቅ ውኃው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማወቁ ይበልጣል። ውኃው በ492 አካባቢ ረግቶ ከቆመ ዓሣው በለመደው ስፍራ ይገኛል፤ ለጀማሪም የሚመከረው ይህ ጊዜ ነው። ከ492 አልፎ በአንድ ወይም በሁለት ጫማ ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ፣ ውኃው ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚገባ ዓሣው አዲስ የተዋጠውን መሬት ትልና ነፍሳት ፍለጋ ተከትሎ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ከዳርቻ ለሚያጠምድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ እምብዛም የለም። ውኃው ሞልቶ በፍጥነት መውረድ ሲጀምር ግን ዓሣው በጥልቀት የለሽ ውኃ ላለመታሰር ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ያኔ ከሣሩ ይልቅ ወደ ሐይቁ ውስጥ የሚገቡ የመሬት አፍንጫዎችንና የድሮውን የወንዝ መሄጃ ጠርዝ መፈለግ ያስፈልጋል። ከመደበኛው በብዙ ጫማ ከፍ ካለ ጉዞውን ማስተላለፍ ይሻላል። በድርቅ ጊዜ በብዙ ጫማ ሲወርድም ዳርቻው ጭቃ ይሆናል፤ የጀልባ ማውረጃዎችም ውኃው ጋ ላይደርሱ ይችላሉ።

ፈቃድና ሕግ

ዕድሜው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቴክሳስ የሕዝብ ውኃዎች ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዳርቻ ቆሞ በአንድ ዘንግ ማጥመድ ፈቃድ አይጠይቅም የሚለው በሰፊው የሚነገር አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪዎች ላቮን ላይ በጀልባም በእግርም ይዘዋወራሉ፣ ቅጣቱም ከፈቃዱ ዋጋ ይበልጣል። ፈቃዱን የሚሰጠው የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መምሪያ ሲሆን፣ በስፖርት ዕቃ መደብሮች፣ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና በመምሪያው ድረ ገጽ ይገዛል። ጨዋማ ላልሆነ ውኃ ለነዋሪ 30 ዶላር፣ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ነዋሪ ደግሞ 12 ዶላር ነው፤ አብዛኛው ዓመታዊ ፈቃድ በየትኛውም ወር ቢገዛ ነሐሴ (ኦገስት) 31 ላይ ያበቃል፤ በዚህ መመሪያ የተጠቀሱት ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ በሐምሌ የሚጀምር ሰው የአንድ ቀን ፈቃድ ቢገዛ ይቆጥባል። ነዋሪ የሚባለው በቴክሳስ ያለማቋረጥ ከስድስት ወር በላይ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ለልጅ ልጅ ጥየቃ ከኢትዮጵያ የመጡ አባትና እናት የነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በየዓመቱ የሰኔ (ጁን) ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የሚያጠምድበት ቀን ነው፤ ገና መሞከር ለሚፈልግ ቤተሰብ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የዓሣው ርዝመትና ብዛትም በሕግ የተወሰነ ነው። በግዛቱ አጠቃላይ ደንብ መሠረት ክራፒ ቢያንስ 10 ኢንች መሆን አለበት፣ በቀን 25 ይፈቀዳል፤ ነጭ ባስም እንዲሁ 10 ኢንችና 25 ነው። ትልቅ አፉ ባስ 14 ኢንች መድረስ አለበት፣ በቀንም ከአምስት አይበልጥም። ሰማያዊና ቻነል የሚባሉት የአምባዛ ዓይነቶች ተደምረው 25 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ትልልቆቹ በቁጥር ስለሚገደቡ ለላቮን የተወሰነውን ልዩ ደንብ ቀድመው ይመልከቱ። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል በየዓመቱ መስከረም (ሴፕቴምበር) ላይ የመምሪያውን አዲስ መጽሔት ማየት ያስፈልጋል። ሲለኩ ዓሣውን በመለኪያው ላይ ጋድም አድርገው አፉን ይዝጉ፣ የጭራውን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ ጨምቀው ከፍተኛውን ርዝመት ይውሰዱ። አንድ ሩብ ኢንች ብትጎድል እንኳ ዓሣው ወደ ውኃው መመለስ አለበት።

የማደሪያ ቦታ አመራረጥ

በላቮን ዙሪያ ኮሩ ከሚያስተዳድራቸው ፓርኮች ውስጥ ለማደር የሚመረጡት በዋይሊ በኩል ያለው ኢስት ፎርክ፣ በግድቡ ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ ያለው ላቮኒያ፣ እና ከፕሪንስተን በስተደቡብ ወደ ሐይቁ ገብቶ የቆመው ክሊር ሌክ ናቸው። ቦታ የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ሲሆን፣ የጸደይ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ስለሚያልቅ ከወራት በፊት መያዝ ይገባል። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምርጫ ክሊር ሌክ ነው፤ በሦስት አቅጣጫ ውኃ ስላለው ነፋሱ ከየትም ቢመጣ የተከለለ ዳርቻ አይታጣበትም።

ቦታ ሲመርጡ የድረ ገጹን ካርታ ብቻ አይመኑ። ውኃው አጠገብ ያለው የድንኳን ቦታ በፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ሐይቁ ሲጨምር መጀመሪያ የሚዘጋውም እርሱ ነው። ከዳርቻው በአንድ ረድፍ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ በስተምዕራብ በኩል ዛፍ ያለው ቦታ ይምረጡ፤ የቴክሳስ የከሰዓት ፀሐይ የሚበረታው ከዚያ ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ለሐይቁ ጽሕፈት ቤት ስልክ ደውለው የያዙት ቦታ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የፌዴራል የአረጋውያን ፓስ ቢያወጡ በኮሩ ካምፖች የማደሪያ ክፍያቸው በግማሽ ይቀንሳል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች ይህን መብት ሳያውቁት እንዳይቀሩ ይነገራቸው። በአንድ የኮሩ ሐይቅ በ30 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ ማደር አይፈቀድም።

ለማደር ምቹ የሆኑት ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያሉት ሳምንታት ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ፋራናይት ስለሚያልፍ፣ በድንኳን ውስጥ ሕፃን ወይም አዛውንት ይዞ ማደር አይመከርም፤ በዚያ ወቅት ንጋት ላይ አጥምዶ ከረፋዱ በፊት መመለስ ይሻላል።

የማጥመጃ ዕቃ

ጀማሪ ሰው ብዙ ብር ማውጣት የለበትም። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ጫማ የሚረዝም መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ፣ ስፒኒንግ የሚባለው ዓይነት ሪል (የክር መጠቅለያ) እና 10 ፓውንድ የሚችል የናይለን ክር ለላቮን ዓሣ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ትልልቅ ሰማያዊ አምባዛ የሚፈልግ ሰው 20 ፓውንድ ክር ያለው ሁለተኛ ዘንግ ቢጨምር ይበጀዋል። ቁጥር 4 እና 6 መንጠቆ ለክራፒ፣ ከ3/0 እስከ 5/0 ያለው ክብ መንጠቆ ለአምባዛ፣ የአንድና የሁለት ኦውንስ እርሳስ፣ ጥቂት ተንሳፋፊ፣ ማዞሪያ ቀለበት፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ጉጠትና መለኪያ ይያዙ።

ጀማሪ ከሚያጣቸው ዓሦች ብዙዎቹ የሚያመልጡት በመጥፎ ቋጠሮ ስለሆነ፣ ይህን ቤት ተቀምጠው ይለማመዱት። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፈው ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ይጠምጥሙት። ከዚያም ጫፉን መልሰው ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ያስገቡት፤ ሲወጣ የሚፈጠረውን ሁለተኛውንና ትልቁን ቀለበትም ያሳልፉበት። ከመሳብዎ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ ያርጥቡት፤ ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቅና ይደክማል። ቀስ አድርገው ሲስቡት ጥምጥሞቹ እርስ በርሳቸው ሳይደራረቡ በሥርዓት ተደርድረው ከተቀመጡ ቋጠሮው ይዟል፤ ከተዘባረቁ ቆርጠው እንደገና ይሥሩት።

ክራፒና ነጭ ባስ

ውኃው በጸደይ 60 ዲግሪ ፋራናይት አልፎ መሞቅ ሲጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ክራፒ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጥልቀት የለሹ ዳርቻ ይጠጋል። የሚፈለገው በውኃ ውስጥ በቆሙ የሞቱ ዛፎች፣ በወደቁ ግንዶችና በድልድይ ምሰሶዎች ሥር ነው፤ በሰሜን በኩል ሐይቁን የሚያቋርጠው የሀይዌይ 380 አካባቢ በጀልባ ለሚሄድ ሰው የታወቀ ስፍራ ነው። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ፣ ማለትም ሚኖው፣ ከከንፈሩ ላይ በቁጥር 6 መንጠቆ ወግተው ከተንሳፋፊው ሁለት ጫማ ዝቅ አድርገው ከግንዱ አጠገብ ያስቀምጡት። ክራፒ ብዙ ጊዜ ምግቡን ከሥር ይዞ ወደ ላይ ስለሚመጣ፣ ተንሳፋፊው ላይሰምጥ ይችላል፤ ይልቁንም የመንጠቆው ክብደት ሲነሣለት በጎኑ ይተኛል። ይህን ምልክት የማያውቅ ሰው ተንሳፋፊው እስኪሰምጥ ሲጠብቅ ዓሣው ምግቡን በልቶ ይሄድበታል። በጎኑ ሲተኛ ዘንጉን በእርጋታ ያንሡ፤ የክራፒ አፍ ቆዳ ስስ ስለሆነ በኃይል ቢጎተት ይቀደዳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምንም ካልነካ፣ ጥልቀቱን በግማሽ ጫማ ይለውጡ፤ አሁንም እምቢ ካለ ወደ ሌላ ግንድ ይሂዱ።

ነጭ ባስ ከየካቲት (ፌብሩዋሪ) መጨረሻ ጀምሮ በመንጋ ወደ ኢስት ፎርክና እንደ ሲስተር ግሮቭ ወዳሉት ጅረቶች ሽቅብ ይዋኛል። ከዝናብ በኋላ ጅረቱ በደንብ ሲፈስ ይበዛል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ትንሽ ነጭ ጂግ (የእርሳስ ራስ ያለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ወርውሮ በዝግታ መሳብ በቂ ነው። በሞቃቱ ወራት ደግሞ ሐይቁ መሃል ላይ ሻድ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ከሥር እያሳደደ ውኃውን ሲያፈላው ወፎች ከላይ ይወርዱበታል፤ ጀልባ ያለው ሰው ወፎቹን ይከተል። የጸደዩ የክራፒና የነጭ ባስ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥም በመሆኑ፣ በጾሙ ዓሣ የማይመገብ ቤተሰብ ያጠመደውን አጽድቶ ለፋሲካ በማቀዝቀዣ ሊያቆየው ይችላል። ፊሌቱን በወፍራም ከረጢት በውኃ ሸፍነው አየር ሳያስቀሩ ቢያቀዘቅዙት ጣዕሙን ለወራት ይጠብቃል።

አምባዛ

ለወገኖቻችን የሚስማማው ዓሣ ይህ ይመስለኛል፤ ከዳርቻ ይያዛል፣ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ ከአገር ቤቱ አምባዛ ጋርም በሥጋው ይቀራረባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎርፍ ግድብ ዓሣ ነው። ዝናብ ጥሎ ደረቅ የነበረው ሸለቆ ጭቃማ ውኃ ይዞ ወደ ሐይቁ ሲገባ፣ አምባዛ ያንን ሽታ ተከትሎ ወደ መግቢያው ይሰበሰባል። የደፈረሰውና የጠራው ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ዐይን ለይቶ ያየዋል፤ መንጠቆዎን በዚያ መስመር ላይ ይጣሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናውን ክር መሃሉ ቀዳዳ ባለው የአንድ ወይም የሁለት ኦውንስ እርሳስ ውስጥ አሳልፈው ማዞሪያ ቀለበት ይሰሩበት፤ ከቀለበቱ ማዶ 18 ኢንች የሚረዝም ክር አስረው ጫፉ ላይ ክብ መንጠቆ ያድርጉ። እርሳሱ በክሩ ላይ ስለሚንሸራተት ዓሣው ሲይዝ ክብደት አይሰማውም። ለሰማያዊ አምባዛ ከሁሉ የሚሻለው የተቆራረጠ ትኩስ ሻድ ሲሆን፣ በተለይ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ደም የበዛበት ቁራጭ ይመረጣል። ለቻነል አምባዛ የዶሮ ጉበት፣ ሽሪምፕ ወይም በመደብር የሚሸጠው የሚሸት ሊጥ ይሠራል። መንጠቆውን በሥጋው ሙሉ በሙሉ አይሸፍኑት፤ ጫፉ መታየት አለበት።

ዘንጉን በማስደገፊያ ካቆሙ በኋላ ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። ክብ መንጠቆ ሲጠቀሙ ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ ተሽቀዳድመው አይንጠቁት፤ ዘንጉ እስኪጎብጥና ጎብጦ እስኪቆይ ይጠብቁ፤ ያኔ መንጠቆው በዓሣው ከንፈር ጥግ ራሱ ይሰካል፣ እርስዎ ሪሉን ማዞር ብቻ ይቀርዎታል። በግንቦትና በሰኔ ቻነል አምባዛ ለመራባት በግድቡ ፊት በተከመረው ድንጋይ መካከል ስለሚገባ፣ ከድንጋዩ ጥቂት ጫማ ብቻ ርቆ መጣል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አርቆ እየወረወረ ዓሣውን ከእግሩ ሥር ያልፈዋል። በጀርባው ላይ አንድ፣ በግራና በቀኝ ክንፎቹም አንድ አንድ ስለታም እሾህ ስላለው፣ ከእሾሆቹ ኋላ አጥብቀው ይያዙት። የትናንሾቹ እሾህ ከትልልቆቹ ይብሳል፤ ልጆች እንዳይነኩት ይነገራቸው።

የግድቡ በሮች ውኃ ሲለቁ በታችኛው በኩል ዓሣ እንደሚሰበሰብ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል፣ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትን ክልል ማለፍም ሆነ ልጅ ይዞ በድንጋዩ ላይ መቆም ሕይወትን ያስከፍላል። ለሕፃናት የሚሻለው በካምፑ አጠገብ በጸጥታው ዳርቻ ቁጥር 8 መንጠቆ ላይ የትል ቁራጭ አድርጎ ብሉጊል የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ማስያዝ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚይዝ አይሰለቹም።

ድንኳኑና አየሩ

የላቮን ዙሪያ አፈር አገር ቤት መረሬ እንደምንለው ያለ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ መኪናና ጫማ ይይዛል። ስለዚህ መኪናዎን ከአስፋልቱ አያውጡ። ደረቁ መሬት ቀጭን የድንኳን ካስማ ስለሚያጣምም ወፍራም የብረት ካስማና መዶሻ ይያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰው ድንኳኑን ሲተክሉ በዝቅተኛ ቦታ አይትከሉት፤ የበሩን አቅጣጫ ከደቡብ ነፋስ ያዙሩት፤ በሐይቁ ላይ በጸደይ በብዛት የሚነፍሰው እርሱ ነው። ከመትከልዎ በፊት መሬቱን በእግርዎ እየረገጡ የእሳት ጉንዳን ኩይሳ አለመኖሩን ይዩ። ውኃው ከፍ ባለ ጊዜ ጉንዳኑም እባቡም ከረጠበው መሬት ሸሽተው ሰው ወዳለበት ደረቅ ስፍራ ይወጣሉ። በአካባቢው መርዛማ የሆኑት ኮተንማውዝና ኮፐርሄድ የሚባሉት እባቦች ስላሉ፣ ማታ ያለ መብራትና ያለ ጫማ አይንቀሳቀሱ፣ እንጨት ሲያነሡም እጅዎን ወደማያዩት ቦታ አይስደዱ። ለትንኝና ለመዥገር መከላከያ ቅባት አይርሱ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ማዕበሉ ነው። በሰሜን ቴክሳስ የቶርኔዶ ወቅት የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ነገር ግን ጋርላንድንና ሮውሌትን የመታው ቶርኔዶ የደረሰው ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 26 ቀን 2015 ስለነበር፣ ወቅቱ አይደለም ብሎ መዘናጋት አይገባም። በስልክዎ ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መልእክት እንዲደርስዎ ያድርጉ፤ የአየር ሁኔታ ሬዲዮም ይዘው ይሂዱ፣ ሌሊት ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላልና። ድንኳን ከነጎድጓድ አይጠብቅም። መብረቅ ሲታይ ወደ መኪናዎ ይግቡ፤ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ወደ ፓርኩ የግንብ መታጠቢያ ቤት ይሂዱ። እንደ ደረሱ ገና በብርሃን መንገዱን ለቤተሰቡ በሙሉ ያሳዩ። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ደመና በምዕራብ ሲጠቁር ወዲያው ይውጣ፤ ሐይቁ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል። ከ26 ጫማ ባጠረ ጀልባ ላይ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሕይወት ጃኬት ለብሰው መቀመጥ በሕግ ግዴታ ነው፤ ዋና የማይችል አዋቂም ቢሆን ያለ ጃኬት አይሳፈር።

እሳት የሚነደው በተዘጋጀለት የብረት ቀለበት ወይም ምድጃ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ አውራጃው እሳት በከለከለባቸው ደረቅ ሳምንታት በጋዝ ምድጃ ብቻ ያብስሉ። ጀበና ለመጣድ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ፍሙን በውኃ አጥፍቶ፣ አመዱን በእጁ መዳሰስ እስኪችል ድረስ ማቀዝቀዝ አለበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) በካምፑ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ሙዚቃም ሳቅም በውኃ ላይ ርቆ ይሰማል። ምግብ ውጭ ካደረ ራኩን ስለሚበረብረው በመኪና ውስጥ ይቆለፍበት።

ዓሣውን ማጽዳትና መመለስ

ዓሣው እንደ ተያዘ በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ በሕብል ታስሮ በሞቀ ውኃ ውስጥ የዋለ ዓሣ ሥጋው ይላላል። በጀልባ ላይ ጭንቅላቱንና ጭራውን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማጽዳቱ ከውኃው ከወጡ በኋላ ይሁን። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ቆዳውን ዙሪያውን ሰንጥቀው በጉጠት ወደ ጭራው ይግፈፉት። በነጭ ባስ ፊሌት ላይ በጎን በኩል የሚሄደውን ጥቁር ቀይ መስመር በቢላ ቢያስወግዱት የሚከብደው ሽታ ይጠፋል። ክራፒን በሙሉው ለመጥበስ ቅርፊቱን ፍቀው ጎንና ጎኑን እንደ አገር ቤቱ የዓሣ ጥብስ አቀራርበው ይተልትሉት፤ ጨውና ሎሚ አሽተው በደንብ በጋለ ዘይት ሲጠበስ ትንንሽ አጥንቱ ሁሉ ይሰባበራል፤ ከዳጣ ጋር ይቅረብ። ከትልቅ ሰማያዊ አምባዛ የወጣ ሥጋ ደግሞ ለጉላሽ ይሻላል። ሆድ ዕቃውና አጥንቱ በፕላስቲክ ታስሮ በፓርኩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይጣል፤ በዳርቻ ከተተወ ያሸታል፣ እንስሳትንም ወደ ካምፑ ይጠራል።

ከመሄድዎ በፊት የጀልባዎን፣ የዓሣ ማቆያውንና የሚኖው ባልዲውን ውኃ በሙሉ ያፍስሱ፤ ዜብራ መስል የሚባለው ወራሪ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በመላው ቴክሳስ የሚያስገድድ ሕግ ነው። የተረፈውን ሚኖው ወደ ሐይቁ አይልቀቁት። የተቆረጠ ናይለን ክር ወፎችን ስለሚያንቅ ከሣሩ ላይ አንድ በአንድ ይልቀሙት። ውኃው የዚያን ቀን በስንት ጫማ ላይ እንደነበረ፣ እየጨመረ ወይም እየወረደ እንደነበረ፣ ዓሣው በየትኛው ዳርቻና በምን ጥልቀት እንደተያዘም በስልክዎ ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ቁጥር ሲያዩ መጀመሪያ የሚሄዱበትን ቦታ የሚነግርዎት ይህ ማስታወሻ ነው።